ቤት ለሚፈልገው ሰውም ሕግ ይድረስለት፦ ከሌሊት ተረኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለወረዳችን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የሚከራይ ቤት ስንፈልግ የሚደርስብንን በደል ይመለከታል

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣

ጤና ይስጥልን። እኛ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የምንሠራ ነርሶችና አዋላጅ ነርሶች ነን። አብዛኞቻችን ከክልል ተቀጥረን የመጣን፣ በሆስፒታሉ አካባቢ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሴቶች ነን። ባለፈው ነሐሴ ሠላሳ አንድ ሰዎች ሆነን የፈረምንበትን አቤቱታ ለመዝገብ ቤታችሁ አስገብተን ቁጥር ተሰጥቶናል። መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትም አለፈ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ሦስቱንም ጊዜ "ይኼ የአከራይና የተከራይ የግል ስምምነት ነው" ተባልን። መልሱ በጽሑፍ ይሰጠን ብንልም የሚጽፍልን አላገኘንም። ስለዚህ አቤቱታችንን የሠፈሩም ሰው፣ የከተማውም ሰው እንዲያነበው በግልጽ ጽፈነዋል።

"የግል ስምምነት ነው" የሚለውን መልስ ከጥቂት ዓመታት በፊት ብትነግሩን ዝም ብለን እንመለስ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 2016 ዓ.ም. ካጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወዲህ ግን ልንቀበለው አንችልም። አዋጁ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ከልክሏል። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያስታውቀው እንዳያልፍ ደንግጓል። አዋጁ የወጣ ሰሞን በተረኞች ክፍል ውስጥ ከስልክ ላይ ጮክ ብለን እያነበብነው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ "ልቀቂ" ሳትባይ ትኖሪያለሽ መባል በአራት ዓመት ውስጥ አምስት ቤት ለቀየረች ሴት ምን እንደሚመስል ልትገምቱ ትችላላችሁ።

ያየነው ነገር ግን ሌላ ነው። አዋጁ የሚደርሰው ቤት አግኝታ፣ ውል ፈርማ፣ ውሏን ላስመዘገበች ተከራይ ነው። ቤት የምትፈልግ ሰው ግን በሩን ካንኳኳች ጀምሮ "ግቢ" ወይም "አይሆንም" እስክትባል ድረስ የሚያይላት ሕግ የለም። ለከተማው ሌሊት የምንነቃ ሰዎች የምንበደለው እዚያ ላይ ነው።

ከበሩ እንጀምር።

በሠፈራችን ክፍል ስንጠይቅ ከዋጋው በፊት የሚመጣው ጥያቄ "ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?" የሚል ነው። ሥራችን በፈረቃ ነው። የከሰዓት ተረኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው ቤቷ የምትደርሰው፤ የሌሊት ተረኛ ደግሞ ማታ ወጥታ ጠዋት ትገባለች። ይህን ስንናገር ነገሩ ያበቃል። አንዲት አዋላጅ ባልደረባችን ባለፈው ክረምት በሁለት ሳምንት ውስጥ የአሥራ አንድ ግቢ በር አንኳኩታለች። በሰባቱ ክፍሉ ባዶ መሆኑ ተነግሯት፣ ገብታም አይታው፣ ሥራዋን ከተናገረች በኋላ "ለሌላ ሰው ቃል ገብተናል" ተብላለች። አንዲት እናት ግን ሳይደብቁ ነገሯት፦ "ልጄ፣ ማታ ወጥታ ጠዋት የምትገባ ሴት ግቢዬ አላስገባም። ሠፈሩ ምን ይለኛል?" ልጅቷ የዚያን ቀን ሌሊት ሁለት እናቶች አዋልዳ፣ ሳትተኛ ነበር ቤት ፍለጋ የወጣችው። የሆስፒታሉን መታወቂያ አውጥታ አሳየቻቸው። ዓይናቸውን ጣል አድርገውበት መለሱላት።

ይህን የፈሩ ሥራቸውን ይደብቃሉ። አንዷ ጓደኛችን "ፋርማሲ ነው የምሠራው" ብላ ገባች። ጋውኗን ሥራ ቦታ ትታ ትመጣለች፤ የሌሊት ተራዋ ሲደርስ "አክስቴ ቤት ላድር ነው" ትላለች። በሦስተኛው ወር አከራይዋ ጎረቤታቸውን ሊጠይቁ ሆስፒታል ሲመጡ ተረኛ ሆና አገኟት። በሳምንቱ ዕቃዋን አወጣች። ዋሽታለችና አከራይዋ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። እኛ የምንለው፣ እንደ ነርስነቷ አንኳኩታ የተመለሰችባቸውን ቤቶች የቆጠረላት ሰው የለም ነው።

ቤት ያገኘነውም በሩ አልለቀቀንም። በብዙ ግቢ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል፤ መቀርቀሪያ ከተጣለ ቁልፍ ቢኖረንም አይከፍትም። ጥቅምት ውስጥ አንዲት የማዋለጃ ክፍል ነርስ ደም እየፈሰሳት የመጣች ወላድ ጥላ መውጣት ስላልቻለች 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሠፈሯ ደረሰች። አንኳኳች፤ ደወለች። የግቢው ውሻ ብቻ ይጮኻል። ግማሽ ሰዓት በጨለማ ከቆመች በኋላ ሜትር ታክሲ ጠርታ ወደ ሆስፒታል ተመለሰችና ወንበር ላይ አደረች። በማግስቱ የተሰጣት መልስ "ሰዓቱን ነግሬሻለሁ" የሚል ነበር። ቀደም ብላ እንዳትወጣ ያደረጋት ወላድ ዛሬ ከነልጇ በሕይወት አለች። ይህ በር የሠፈሩ እናቶችም ጉዳይ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

አከራዮች ያለ ምክንያት አይፈሩም። በር ክፍት አድሮ የተዘረፈ ግቢ አለ። የመብራትና የውሃ ዕዳ ጥሎ ሌሊት የጠፋ ተከራይ እንዳለም ሰምተናል። ከአከራዮቻችን ብዙዎቹ ባላቸውን ያጡ እናቶች ወይም ጡረተኞች ናቸው፤ የሰርቪሷ ኪራይ የወር አስቤዛቸው ናት። ከመካከላችን አንዷ የምትኖርበት ግቢ ባለቤት ጠዋት ደክማ ስትገባ ቡና ይዘው ይጠብቋታል። የግቢውን ሕፃናት "ነርሷ ተኝታለች፣ ወዲያ ሄዳችሁ ተጫወቱ" ይሏቸዋል። እኒህን እናት እያሰብን ስለምንጽፍ ቤት ያላቸውን ሰዎች ልንከስ አልመጣንም። የምንከሰው ጉዳዩን ሁሉ ለሰው ደግነት ጥሎ የሄደውን አሠራር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ልጅ ነው። ልጅ ያላት ተከራይ የምትሰማው መልስ ከእኛም ይከፋል። "ልጅ ካለ አይሆንም፤ ግድግዳ ያበላሻል፣ ውሃ ይጨርሳል።" አንዲት ባልደረባችን ለቤት ፍለጋ ስትል የአራት ዓመት ልጇን እናቷ ዘንድ ደሴ ልካለች። ልጁ እዚያው ከቀረ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የሌሎች ሰዎችን ሕፃናት እያከመች የራሷን በስልክ ታሳድጋለች። በዚህ ላይ "አገርሽ የት ነው?" ወይም "ቤተ ክርስቲያን ነው መስጊድ የምትሄጂው?" ተብለው ተጠይቀው፣ ከመልሱ በኋላ ቤቱ ተይዟል የተባሉ አሉን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል፤ በአንቀጽ 32 ደግሞ የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ነፃነት አስቀምጧል። ይህ ቃል በአንድ የቆርቆሮ በር ፊት ምን ያህል እንደሚያግዘን የሚነግረን መመሪያ እስካሁን አላየንም።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። በአዋጁ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። በሠፈራችን ግን "የስድስት ወር ካለሽ ነይ" ነው የሚባለው። ክፍሏን ለማግኘት የስድስት ወር 36,000 ብር በእጅ የከፈለች፣ ለደላላው 3,000 ብር የጨመረች፣ የሆስፒታል ዕቁቧን ቀድማ ለመውሰድ ጓደኞቿን የለመነች ነርስ አብራን ትሠራለች። ደላላው "ማሳያ" ብሎ ለየግቢው ያስከፈላትን ሳንቆጥር ነው። ደረሰኝ የለም፤ ምስክር የለም።

ውሉም ቢሆን እውነቱን አይናገርም። አንዲት ጓደኛችን በወር 7,500 ብር ትከፍላለች፤ የተመዘገበው ውል ላይ የተጻፈው 4,000 ነው። አራቱን ሺህ በባንክ ታስገባለች፤ ቀሪውን በፖስታ ለአከራይዋ ትሰጣለች። ግብር እንዳይበዛባቸው ነው፤ "ካልተስማማሽ ተዪው" ተብላ ፈርማለች። ሐምሌ ላይ በእጅ የሚሰጠው ገንዘብ ሲጨመርባት ጽሕፈት ቤታችሁ መጣች። የመዝገብ ሠራተኛችሁ ውሉን አይቶ "አንቺ የምትከፍዪው አራት ሺህ ነው፣ ምን ተጨመረብሽ?" አላት። በወረቀቱ መሠረት እውነቱን ነው። እሷም የፈረመችው ወረቀት ነውና ዝም ብላ ወጣች።

ውል ያላስመዘገብነው ደግሞ ብዙ ነን። "አስመዝግቡን" ብለን ስንመጣ "ሁለታችሁም ካልቀረባችሁ አንመዘግብም" ትሉናላችሁ። አከራዩ አልመጣም ያለ እንደሆነስ? "ተነጋገሩ።" ስንነጋገር "ቀበሌ ልትወስጂኝ ነው? ቤቱን ልቀቂልኝ" እንባላለን። አቤት ለማለት የተመዘገበ ውል ያስፈልጋል፤ ውሉን ለማስመዝገብ ደግሞ የምናቀርብበት ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚህ ክብ የሚያወጣን አሠራር የናንተ ሥራ ነው፤ እኛ ልንፈጥረው አንችልም።

ደመወዝ ጭማሪ በዜና ሲነገር የምንደነግጥ ሠራተኞች ሆነናል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆነ ተብሎ ሲነገር፣ ገንዘቡ እጃችን ሳይገባ በሦስት ግቢ ያሉ ባልደረቦቻችን "መንግሥት ጨምሮላችኋል፤ እኛም ኑሮ ተወዶብናል" ተብለዋል። ጭማሪውን የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል መሆኑን ስንናገር የሚሰማን አልነበረም። የዓመቱ ጭማሪ ስንት እንደሆነ የሚናገር ማስታወቂያ በወረዳችን ሰሌዳ ላይ አልተለጠፈማ። ብንፈልግም የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ዋጋው እንደገና ይወለዳል። "ልጄ ከአረብ አገር ልትመጣ ነው፤ ለእሷ ፈልጌዋለሁ" ተብላ የወጣች አንዲት ባልደረባችን በሦስተኛው ሳምንት በዚያ መንገድ ስታልፍ በሩ ላይ "የሚከራይ ክፍል አለ" የሚል ካርቶን ተሰቅሎ አየች። ስልኩን በሌላ ሰው አስደወለች። የእሷው ክፍል ነው፤ 3,000 ብር ተጨምሮበታል። እሷ በዚያን ጊዜ ዕቃዋን በአይሱዙ ጭና፣ ጫኝና አውራጆች የጠየቁትን ከፍላ፣ ከሆስፒታሉ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ሠፈር ገብታ ነበር። የሚያስለቅቁን ሰዎች ያቀረቡት ምክንያት እውነት መሆኑን ከአንድ ወር በኋላ ሄዶ የሚያይ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን የሚደፍር የሚያንስ ይመስለናል።

ስለ መታወቂያ ባጭሩ። ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ብናመጣም አከራዩ "በቤቴ ትኖራለች" ብሎ ካልፈረመ የነዋሪነት መታወቂያ አይሰጠንም። አከራዩ ደግሞ "መታወቂያ ካወጣሽ ቤቱ የኔ ነው ትዪኛለሽ" ይላል። ልጅ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ፣ የነዋሪነት ማስረጃ ለሚጠይቅ ጉዳይ ሁሉ እንቸገራለን። አምስት ዓመት የኖረችበት ከተማ ነዋሪ መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት የሌላት ነርስ አለች።

ቤት ለምን እንደጠፋ እናውቃለን። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ በግቢዎቹ ውስጥ በሰርቪስና በጭቃ ቤት ተከራይቶ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ሰሞን ሌላ ክፍል ፍለጋ ወጥቷል። ከመካከላችን በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው እስከ ዛሬ የሚቆጥቡ አሉ። ይህን ሁሉ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይፍታው አንልም። ከተማው ዳር፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የሄዱት ጓደኞቻችን ኪራይ ቀለል ብሎላቸዋል፤ ግን ከምሽት ፈረቃ በኋላ የሚመለሱበት ታክሲ የለም፤ ለጠዋት ፈረቃም ገና ሳይነጋ ጨለማ ውስጥ ይወጣሉ። አንዷ ስትዘገይ ሌላዋ ተረኛ ሥራዋን ሳታስረክብ ቆማ ትጠብቃታለች፤ ሁለቱንም የሚጠብቅ ታካሚ ደግሞ አለ። ሆስፒታሉ አጠገብ ማደር የምንፈልገው ለዚህ እንጂ ለምቾት አይደለም።

ስለዚህ ከጽሕፈት ቤታችሁ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ነሐሴ ላይ ላስገባነው አቤቱታ በጽሑፍ መልስ ስጡን። እምቢ ከሆነም እምቢታችሁ ማኅተም ይኑረውና ወደ ቀጣዩ አካል ይዘነው እንሂድ።

አከራይ አልቀርብም ሲል ተከራይ ብቻዋን መጥታ የምታስመዘግብበት መንገድ ይከፈት። የከፈለችበት የባንክ ማስረጃና የጎረቤት ምስክርነት በቂ ይሁን፤ አከራዩን የሚጠራው ጽሕፈት ቤታችሁ ይሁን። ተከራይዋን አስታራቂ አድርጋችሁ አትላኳት። ያስመዘገበችበት ዕለትም ከቤት እንዳትወጣ ጥበቃ ይደረግላት።

የዓመቱ ጭማሪ ልክ በየወረዳው ሰሌዳ፣ በየጤና ጣቢያውና በየእድሩ ይለጠፍ፤ ማኅተም ያለበት ቅጂም ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ። ቤት ፈላጊ መጥታ "ይህ ክፍል ባለፈው በስንት ተከራይቶ ነበር?" ብትል ከመዝገባችሁ ንገሯት። "ለራሴ ፈልጌዋለሁ" ተብሎ የተለቀቀ ቤት ከአንድ ወር በኋላ ይጎብኝ።

የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቁ ሰዎችንና ያለ ደረሰኝ የሚያስከፍሉ ደላሎችን ስማችን ሳይገለጥ የምንጠቁምበት ስልክ ይኑር። አሁን ጥቆማ የሚሰጥ ሰው ስሙን በመዝገብ ላይ ይጽፋል፤ መዝገቡም ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይውላል።

ስለ በሩና ስለ ፈረቃ ሠራተኞች የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሆስፒታሉ የሥራ ፈረቃችንን የሚገልጽ ደብዳቤ ሊጽፍልን ፈቃደኛ መሆኑን ጠይቀን አረጋግጠናል። በናንተ የውል ቅጽ ላይ "ተከራይዋ የፈረቃ ሠራተኛ ናት፤ በማንኛውም ሰዓት መግባትና መውጣት ትችላለች" የሚል አንድ መስመር ይጨመርልን። ከእድር ዳኞች ጋር አንድ ቅዳሜ ስብሰባ ጥሩልን፤ እኛ እንመጣለን። ሥራችን ምን እንደሆነ፣ ለምን ማታ እንደምንወጣ በገዛ አንደበታችን እናስረዳለን። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ልጆቻቸውን ወይም የልጅ ልጆቻቸውን ያዋለድንላቸው ሰዎች እንደሚኖሩ እርግጠኞች ነን። ልጅ አላት፣ ብቻዋን ናት፣ የዚህ ብሔር ወይም የዚያ ሃይማኖት ናት ተብሎ ቤት መከልከል እንደማይቻል የሚገልጽ መመሪያም እንዲወጣ ጥያቄያችንን ለሚመለከተው የበላይ አካል አስተላልፉልን።

የአቤቱታችን የመዝገብ ቁጥር በእጃችን አለ። ታኅሣሥ ከመግባቱ በፊት ተወካዮቻችን ጽሕፈት ቤታችሁ ይመጣሉ፤ የሌሊት ተረኞች ስለሆኑ ጠዋት ከሥራ ሲወጡ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይደርሳሉ።

ከሰላምታ ጋር

በአካባቢው ተከራይተው የሚኖሩ ነርሶችና አዋላጅ ነርሶች ተወካይ፣
የማዋለጃ ክፍል የሌሊት ተረኛ

ግልባጭ፦
ለሠፈራችን እድሮች
ለሆስፒታላችን የሰው ኃይል አስተዳደር